ቡሬ ላይ ባሕር የቆፈሩት መምህር

የመምር ይሁኔን ሞት ማንም አልነገረኝም። አነበብኩት። ለወገቤ መድኃኒት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄጄ ስመለስ፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ጥግ ያለው የመብራት ምሰሶ ላይ ፎቷቸው ተለጥፏል። ከሥሩ «የመምህር ይሁኔ አርባ የፊታችን እሁድ ይወጣል» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለባጃጁ «አባባ፣ ይገባሉ አይገቡም?» ይለኛል። ትቶኝ ሄደ።

ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሩቅ አይደለም። እሳቸው ጡረታ ወጥተው እዚያ መኖር ከጀመሩ ዓመታት ሆኗቸዋል። ቤታቸውን አውቀዋለሁ። በደጃፉ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን አላንኳኳሁም።

እኔ ሰው የምወድ ሰው አይደለሁም። ሰው ሲሞት ሁሉም አባት፣ ሁሉም ደግ ይባላል፤ እንዲህ ያለውን ወሬ ስሰማ ያመኛል። መምር ይሁኔም ቅዱስ አልነበሩም። ሲያስተምሩ ምራቃቸው ይረጫል። ሰው እያዋራቸው ዓይናቸው መሬት ላይ ነው፤ ደስ ያላቸው ድንጋይ ካዩ ጨዋታውን ጥለው ጎንበስ ይላሉ። አፈር ቆንጥረው በምላሳቸው ጫፍ ይቀምሱና እንትፍ ብለው «ይኸ የዚህ አገር ሰው አይደለም፤ ከላይ ከአምባው ታጥቦ የመጣ ነው» ይላሉ። የኮታቸው ኪስ በድንጋይ ብዛት ተቀዶ፣ ተጥፎ፣ ደግሞ ተቀዷል። ለባለቤታቸው የሚያስቸግሩ፣ ለአለቃ የማይመቹ ሰው ነበሩ።

ሥራዬ ምርግ ነው። ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር እረግጣለሁ፤ ሰንብቶ ሲቦካ የሰው ግድግዳ እመርጋለሁ። ያኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት በጉልበት ሠራተኝነት ቀጥሮኝ ነበር። መምር ይሁኔ እዚያ ጂኦግራፊ ያስተምራሉ። አንድ ቀን ከእረፍት ሰዓት በኋላ ክንዴን ይዘው ከክፍሎቹ ጀርባ ወሰዱኝ።

«አበጀ፣ ውኃ የማያሳልፍ ጭቃ ማቡካት ትችላለህ?»

«እንደ አፈሩ ነው መምር። ለምን ነበር?»

«ባሕር ልቆፍር ነው።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«መጽሐፉ ላይ የባሕር ወለል ሥዕል አለ» አሉኝ። «ልጆቹ ይሸመድዱታል፣ ለፈተና ይጽፉታል፣ በማግሥቱ ይረሱታል። የባሕር ሥር እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ይመስላቸዋል። ከባሕር ሥር እኮ እንደ ጎጃም ያለ አገር አለ። ተራራ አለው፣ ሸንተረር አለው፣ ገደል አለው። ውኃው ደብቆት ነው።»

ሁለት ወር ፈጀብን። እሳቸው በእንጨት መሬት ላይ ይስላሉ፣ እኔ እቆፍራለሁ። የቆፈርነውን አፈር ዳር ላይ ከምረን የብስ ሠራንበት፤ አምባ፣ ሸለቆ፣ ወንዝ የሚወርድበት ገደል። የባሕሩ ዳር ሰፊና ጥልቀት የሌለው ደረጃ ሆነ። «ይኸን ምን ትለዋለህ?» አሉኝ። «መደብ ነዋ» አልኳቸው፤ ቤት ውስጥ ሰው የሚቀመጥበት የጭቃ መደብ ማለቴ ነው። በጣም ደስ አላቸው። «መደብ ይባል! መሬት ውኃ ውስጥ ገብታ እንዲህ መደብ ሠርታ ትቀመጣለች» አሉ። ከመደቡ ቀጥሎ ተዳፋት፣ ከተዳፋቱ ታች ሰፊ ሜዳ፣ ሜዳው መሀል ወገቡ የተሰነጠቀ ረጅም ሸንተረር፣ እዚህም እዚያም አናታቸው ከውኃው የማይወጣ የእሳተ ገሞራ ተራሮች። ከወዲያኛው ዳር ጉድባ አለ፤ ከደረቴ በላይ ያልፋል። ሠርቼ በጨረስኩ ቁጥር «ትንሽ ይጥለቅ» ይሉኛል።

የመጀመሪያው ዝናብ ሙሉ በሙሉ ሰረገ። እሳቸው ልጁ የታመመበት ሰው መሰሉ። እኔ ሸክላ ሠሪዎች ከሚያወጡበት ቦታ አፈር አምጥቼ፣ በአመድና በእበት አቡክቼ፣ ሦስት ጊዜ ደራርቤ መረግሁት። የክረምቱ ዝናብ ከክፍሎቹ ጣሪያ እየወረደ ሞላው። አንዲት ጠብታ አልሰረገችም። ባሕሩን እሳቸው ያውቁታል፣ ጭቃውን እኔ አውቀዋለሁ። በሕይወቴ ሰው እኩሉ አድርጎ ያሠራኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ትምህርቱ የገረመኝ ከዚያ በኋላ ነው። ውኃው ውስጥ የከሰል ዱቄት በትነው አጠቆሩት። ሳንቃ አጋደሙበት። ለተማሪው ሁሉ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ሰጡ፤ ገመዱ በየስንዝሩ ተቋጥሯል።

«ታች ያለውን ማንም አያይም» አሉ። «እንግዲህ ንገሩኝ፤ ታች ምን አለ?»

ልጆቹ ሳንቃው ላይ ሆነው ድንጋዩን ይጥላሉ፣ ቋጠሮውን ይቆጥራሉ፣ ይጽፋሉ፣ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላሉ፣ ደግመው ይጥላሉ። ከዚያ ወረቀት ላይ ነጥቡን ከነጥብ ሲያያይዙት፣ ማንም ያላየው ሸንተረር ከወረቀቱ ብቅ ይላል። እኔ የመረግሁት ሸንተረር፣ ከነስንጥቁ። የተሳሳተ ልጅ ካለ «ተሳሳትክ» አይሉትም። «ድንጋይህን ደግመህ ጣል» ነው የሚሉት። አባባሉ ቡሬ ገበያ ድረስ ወርዶ፣ በቆሎ ሲሰፈር የተጣላ ሰው ሁሉ «ድንጋይህን ደግመህ ጣል» ይባባል ነበር።

አንዲት ተማሪ «መምር፣ እርስዎ ባሕር አይተው ያውቃሉ?» አለቻቸው።

«ጣናን አይቻለሁ። ባሕር አላየሁም።»

«ታዲያ እንዴት ያስተምሩናል?»

«አይቼው ቢሆን ምን አስቆፈረኝ?» አሉ።

ገበያተኛው ይቀልድባቸዋል። «መምር፣ መርከቡ መች ይገባል?» ይላቸዋል ጨው ሻጩ። «አበጀ ወደቡን መርጎ ይጨርስ እንጂ፣ መርከቡስ መንገድ ላይ ነው» ይላሉ። የሚሰድባቸውንም የሚያሞግሳቸውንም አንድ አድርገው ነው የሚመልሱት።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ውኃው ሳይሞላ በፊት ለየቦታው ስም የተጻፈባቸው ትንንሽ ቆርቆሮዎች ነበሩ። «እንደ ቦታቸው ትከላቸው» ብለውኝ ሄዱ። ተከልኳቸው። በማግሥቱ መጥተው አዩአቸው። ማታ ልጆቹ ሲሄዱ ጠሩኝ።

«አበጀ፣ ጉድባ የሚለውን አምባው ጫፍ ላይ ተክለኸዋል።»

ልነቅለው እጄን ዘረጋሁ።

«ደግሞም ሊሆን ይችላል፤ ምድር ትገላበጣለች» ብለው ሳቁ። ከዚያ ከጎኔ ቁጭ አሉና «መደብ» የሚለውን ቆርቆሮ አነሱ። እኔ ፊደል የጀመርኩት ከሀ አይደለም። ከመ ነው፤ መ፣ ደ፣ ብ። ቀጥሎ ሸንተረር፣ ቀጥሎ ገደል። ልጆቹ ለእረፍት ከተበተኑ በኋላም ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን ክረምት ሳይወጣ ማንበብ ቻልኩ። ለማንም እንዳይናገሩ ለመንኳቸው። «ለምን?» አሉኝ። «ዝም ብሎ» አልኩ።

ዝም ብሎ አልነበረም። ሚስቴን ሳገባ ለአማቴ «ልጅ ሆኜ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ታምሜ ነው ትምህርቱን የተውኩት» ብያቸዋለሁ። ዳዊቱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ በጆሮዬ ነው የለቀምኩት። በማኅበራችን መጽሐፉን ገልጬ ይዤ በቃሌ ስወርደው ማንም አልነቃብኝም። አሥራ አምስት ዓመት የተማረ ሰው ሆኜ ኖሬያለሁ። መምር ይሁኔ ይኸን አያውቁም። ብነግራቸው ኖሮ የሆነው ሁሉ አይሆንም ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

የወላጆች በዓል ቀን ሰዉ ሁሉ ባሕሩን ሊያይ መጣ። አማቴም መጥተዋል። መምር ይሁኔ መሀል ቆሙ። ክፍል በወደቁ ልጆች ተናደው ነበር።

«ሰበብ አታብዙብኝ» አሏቸው። «አበጀን ታውቁታላችሁ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር። በዚህ ዕድሜው፣ እየቆፈረ፣ እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ ክረምት ማንበብ ቻለ። አበጀ፣ ና እስቲ፤ ይኸን ቆርቆሮ አንብብላቸው።»

ሊያከብሩኝ ነው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ወጣሁ፤ «ሸንተረር» ብዬ አነበብኩ። ሰዉ አጨበጨበ። አማቴ አላጨበጨቡም። ከሰው መሀል አንዱ «ኧረ ተው፣ እኛ ሊቀ ጠበብት ነው ብለን የማኅበሩን ዳዊት ሰጥተነው የለ እንዴ?» አለ፤ ሳቁ ከጭብጨባው በረታ።

ከዚያ ወዲያ ጠላ ቤት ስገባ «ተማሪው መጣ፣ ወንበር ልቀቁለት» ነው። አማቴ ቤቴ መምጣት ተዉ። ሚስቴ ዳዊቱን ከግድግዳው አውርዳ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እኔም ጥላቻዬን ሁሉ መምር ይሁኔ ላይ አደረግሁት። የዋሸሁት እኔ፣ የጠላሁት እሳቸውን።

የባሕሩ ዙሪያ በአጥር የታጠረ ነው። የአጥሩን የባሕር ዛፍ እንጨቶች አብረን ነው የተከልናቸው፤ ጫፋቸውን እሳቸው ቀይ ቀለም ቀብተውታል፤ ልጆቹ አደጋ መሆኑን እንዲያውቁ። አንድ ዓርብ ከተማ ውስጥ የሰው ቤት ልመርግ ተዋዋልኩ፤ መወጣጫ እንጨት አነሰኝ። በጉድባው በኩል ያለውን አጥር ነቅዬ ወሰድኩ። ሰኞ እመልሳለሁ ብዬ ነው። ክፍቱን ቦታ በእሾህ ልዘጋው እችል ነበር፤ እሾሁ እዚያው ነው። ረስቼው አይደለም። «ባሕራቸውን ራሳቸው ይጠብቁ» ብዬ ነው የሄድኩት።

ቅዳሜ ጠዋት መወጣጫው ላይ ሆኜ ስመርግ መምር ይሁኔ በዚያ አለፉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ እንጨቱንም አዩት፤ ቀዩን ጫፍ። «ሥራ ይቅናህ አበጀ» አሉ። «ሰኞ ይመለሳል አይደል?» «ይመለሳል» አልኩ። ሰው ላለማሳፈር ሲሉ ሌላ አልጨመሩም። ወደ ትምህርት ቤቱ ታጥፈው ሄዱ። ክፍቱን ሊዘጉ ነበር የሄዱት። ሲደርሱ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ የአቶ ዘለቀ እርጉዝ ጊደር ጉድባው ውስጥ ሞታ አገኟት።

ማክሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ርእሰ መምህሩ፣ አቶ ዘለቀ፣ አምስት የኮሚቴ ሰዎች፣ መምር ይሁኔና እኔ። አቶ ዘለቀ ሐዘን ላይ ያለ ሰው መስሏል።

«ዛሬ ጊደር ነች፣ ነገ የሰው ልጅ ነው» አለ። «ያለ አጥር ጉድጓድ ቆፍሮ የሚተው ምን ዓይነት አስተማሪ ነው?»

«አጥር ነበረው» አሉ መምር ይሁኔ።

«የታለ?»

ወደ እኔ አላዩም። ሆን ብለው መስኮቱን አዩ።

ርእሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። «አበጀ፣ አጥር ነበረው?»

«እኔ የማውቀው ጭቃ ነው» አልኩ። «አጥር ሥራ ያለኝ ሰው የለም።»

መምር ይሁኔ አንድ ቃል ቢናገሩ ያልቅልኝ ነበር። ሥራውም፣ የቀረችኝም ክብር። አልተናገሩም። ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ «መምህሩ በዝንጉነት ያለ አጥር» ይላል። እየዞረ ተፈረመ። እኔ ዘንድ ሲደርስ መምር ይሁኔ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ዘረጉልኝ።

«በዚህ ፈርም» አሉኝ፤ በቀስታ።

ስሜን መጻፍ ያስተማሩኝ በዚያችው እስክሪብቶ ነው። ስሜን ብጽፍ ግን ያነበብኩትን አምኜ መፈረሜ ነው፤ ካላነበብኩ ምን አውቃለሁ?

«እኔ መሀይም ሰው ነኝ መምር። ቀለሙን አምጡልኝ» አልኩና አውራ ጣቴን ተጭኜ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ።

እስክሪብቶዋ እጃቸው ላይ ቀረች። ጊደሯ ስትሞት፣ ሲሰደቡ፣ ዝንጉ ተብለው ሲጻፉ ያልተለወጠ ፊታቸው ያኔ ተለወጠ። ሰው መሬት ሲከዳው እንደሚሆነው ሆኑ።

ባሕሩ ይደፈን ተባለ። የሚደፍነው ማነው? አበጀ። አካፋዬን ይዤ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ መምር ይሁኔ ክፍላቸውን ከነደብተሩ ይዘው መጡ። ሊያዋርዱኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«አበጀ፣ ከመሀል አትጀምር» አሉኝ። «ከዳር፣ በወንዙ አፍ በኩል ጣል።» ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ጻፉ። ባሕር የሚሞላው እንዲህ ነው። ወንዝ ደለል ያመጣል። መጀመሪያ መደቡ ላይ ይጥለዋል፤ መደቡ ሲሞላበት በተዳፋቱ ይንሸራተታል፤ በመጨረሻ ሜዳውን ያለብሰዋል። ምድር ለዚህ የምትፈጀውን ዘመን ማንም ቁጭ ብሎ አያየውም፤ እናንተ በሦስት ቀን ልታዩት ነው። አበጀን ተመልከቱት፤ ወንዙ እሱ ነው።»

ወንዙ ሆኜ ሦስት ቀን ደፈንኩት። በየመሀሉ «ቆይ» ይሉኛል፤ ልጆቹ ድንጋያቸውን ጥለው ይለካሉ፤ «ቀጥል» ይሉኛል። የመጨረሻው ቀን ሸንተረሩ ሲሸፈን አንዲት ተማሪ አለቀሰች። «ምን ያስለቅስሻል? አልጠፋም እኮ» አሏት። «አፈር ለብሶ ነው እንጂ እታች አለ።» ከእኔ ጋር በዚያ ሦስት ቀን ከትምህርቱ ውጪ ቃል አልተነጋገርንም።

ከወር በኋላ ቆላ፣ ወደ ዓባይ በረሃ፣ መኪና የማይደርስበት ትምህርት ቤት አዛወሯቸው። ዕቃቸው በአህያ ተጭኖ ሲወርድ ከሰው ቤት ግድግዳ ሥር ሆኜ አየሁት። ዓመት ሳይሞላ አንድ ገበያተኛ ደብዳቤ አመጣልኝ። በሕይወቴ የመጣልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ፊደሎቹን ለሕፃን እንደሚጻፍ አጉልተው ጽፈዋቸዋል። «አበጀ፣ ደህና ነህ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ይሞቃል። ገደሉ ግን መጽሐፍ ነው፤ ከላይ እስከ ታች በተራ በተራ ይነበባል። ሁለት መስመርም ብትሆን ጻፍልኝ።»

አልጻፍኩም። ምን ብዬ? ማንበቡን ግን አልተውኩትም። እሱን መተው አልቻልኩም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ በኋላም ዳዊቱን ከሳጥን አውጥቼ፣ ይኸ በቃሌ የማውቀው ነገር ፊደሉ ይኸ ነው ለካ እያልኩ፣ ተደብቄ አነበብኩ።

እንግዲህ ከዚያ ምሰሶ ሥር ተነስቼ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እሜቴ ጥሩ፣ ደጅ ላይ ቁርበት አንጥፈው ለዝክሩ ስንዴ ይለቅማሉ። ማንነቴን ነገርኳቸው። «ቁጭ በል» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ አጥሩን፣ ስብሰባውን፣ አውራ ጣቴን። እጃቸው ከስንዴው አልተነሳም።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«አጥሩን እንደወሰድክ አውቃለሁ። ነግረውኛል። ስለ ጊደሯም፣ ስለ ቆላውም አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። ሲያበሳጫቸው የኖረው ሌላ ነው።»

«ምንድን ነው እሜቴ?»

«አንተ ነሃ። ‹ያን ሰው በአደባባይ አዋርጄ ፊደሉን አስጠላሁት› ይሉ ነበር። ‹ጣቱን የጫነው ለዚያ ነው። ተመልሶ መሀይም ሆነ› ይላሉ። ደብዳቤም ጻፉልህ፣ አልመለስክም። ‹አየሽ፣ ጭራሽ ጠፍቶበታል› አሉኝ። ሲታመሙ እንኳ አንስተውታል። ‹ብዙ ልጅ አስተማርኩ፤ አንዱን ግን ካስተማርኩት በኋላ አሳወርኩት።›»

እኔ ያሰብኩት ተቀይመውኝ እንደሞቱ ነው። ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሁለት መስመር ብጽፍላቸው ይድን የነበረ ቁስል ይዘው መሞታቸውን ግን አላሰብኩም።

«አነባለሁ እኮ እሜቴ» አልኩ። «አንድ ቀን አቋርጬ አላውቅም።»

እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ደግነት አላየሁበትም። ተነስተው ገቡና ሁለት ገጽ ወረቀት ይዘው ወጡ። ልጆቻቸው የጻፉት የሕይወት ታሪክ ነው፤ ቀብሩ በጥድፊያ ሆኖ ሳይነበብ የቀረ።

«አንብብ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። አንድም ቦታ አልተሰናከልኩም።

«እሁድ የምታነበው አንተ ነህ» አሉኝ። «ልጆቹን እነግራቸዋለሁ። የአጥሩንም ነገር በሰው ፊት ትናገራለህ። እኔን ይቅርታ አትጠይቀኝ፤ እኔ አይደለሁም የተበደልኩት።»

እሁድ ድንኳኑ ሞልቷል። ከቡሬም ብዙ ሰው መጥቷል፤ አቶ ዘለቀ ሸምግሎ ከፊት ተቀምጧል። ቆሜ አነበብኩ። ስጨርስ «ባሕሩ አጥር ነበረው። የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ መምር እያወቁ ዝም አሉልኝ» አልኩ። አቶ ዘለቀ አየኝ፣ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ካህኑ ጸሎቱን ቀጠሉ።

ማዕድ ሲቀርብ አንድ የማላውቀው የፍኖተ ሰላም ሽማግሌ ከጎኔ ተቀመጡ።

«ንባብዎ እንዴት ጥሩ ነው፤ ይፈሳል» አሉኝ። «የቄስ ተማሪ ነበሩ?»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ ከማን ተማሩ?»

«ከመምር ይሁኔ» አልኩ። ይኸን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። «አዬ፣ ነፍሳቸውን ይማር» አሉና እንጀራውን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ።